ውድ ዕቃ ድሬ ሲገባ፦ ገንዘባችንን የሚያስበሉን ስህተቶች

ወንድሜ ከአሜሪካ ባለ ስክሪን የቡና ማሽን ላከልኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ ነበር። ሰካሁት። ወዲያው "ቷ" አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ስንት ቀን ሠርቶ እንደገዛው ስለማውቅ ልነግረው አቅም አጣሁ። ይሄ በሌላ ሰው ቤት እንዲደገም አልፈልግም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ቮልቱን ሳያዩ መሰካት። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ውሃ የሚያፈላው ሽቦ በኛ ቮልት የሚያወጣው ሙቀት ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። እንዴት አይቃጠል? ከዕቃው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። "100-240 ቮልት" ካለች ሶኬቱን ማስተካከል ይበቃል። 120 ብቻ ካለች ትራንስፎርመር የግድ ነው፣ ያውም የዕቃውን ዋት የሚችል። 1,400 ዋት ለሚስብ ማሽን የ500 ዋት ትራንስፎርመር ብትገዙ እሱም ይቃጠላል። ኸርዙን ደግሞ ትራንስፎርመር አይቀይረውም፤ ሞተር ላለው ዕቃ ይሄንን አስቡበት።

ቡና ማሽን ካነሳን አይቀር፣ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ያው ቅርፊት የማሽኑን ቀጭን ቱቦ ይደፍነዋል። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ካርቶን አምኖ መግዛት ነው። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያም ሂዱ ሌላ፣ "አቦ አብሽር፣ ኦርጅናል ነው" የሚል አይጠፋም። እውነተኛ 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ነጥብ አለው። ርካሽ ፕሮጀክተሮች ላይ ግን "4ኬ" ማለት ብዙ ጊዜ "4ኬ ፊልም ይቀበላል" ማለት ነው። ራሱ የሚያሳየው 1920 በ1080 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። "ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ደቃቅ ፊደል ያለበት ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስከፍቱ። ፊደሉ ጠርዙ ከደበዘዘ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛው ሙቀቱን መርሳት። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ፤ ዝቅ ስላለች ትሞቃለች። ሐረር ላይ ምንም ያልሆነ ዕቃ እዚህ ይታመማል። ብዙ ቴሌቪዥኖች የተሠሩት የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ታስቦ ነው። እኛ ደግሞ ቡፌ ውስጥ ከትተን ዳንቴል እናለብሳቸዋለን! ዳንቴሉ የእናት እጅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን የአየር መውጫውን ይደፍናል። ከጀርባም ከላይም አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉለት። ኦሌድ (OLED) የሚባለው የስክሪን ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ላይ አትተዉት። ጥግ ላይ ያለው የጣቢያው አርማ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጅና ኤሲ ወዲያው አይነሱ። አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ ስታብላይዘር ግዙ፣ አለቀ።

አሁን የሚያንገበግበኝ ላይ ደረስኩ፤ የሐረር ግድግዳ። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ የጓደኛዬ እናት ቤት ጌይ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) ነው፣ መደቦቹ በቀይ የተቀቡ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ። ልጆቿ 75 ኢንች ቴሌቪዥን ገዙላት። ስፌቶቹ ወረዱ፣ ድሪል መጣ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ከቀዳዳው ደረቅ አፈር እንደ ዱቄት ፈሰሰ፣ ፊሸሩ ተመልሶ ወጣ። ሌላ ቦታ በሱ፣ ያው ነው። እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው ባዶውን ግድግዳ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እኮ እነዚህ ቤቶች ስላሉበትም ነው። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፣ ስፌቶቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቴሌቪዥኑ ተሸጦ ፕሮጀክተርና የሚጠቀለል ስክሪን ተገዛ። ማታ ይዘረጋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ ከድሪሉ በፊት ይሄንን ሞክሩ።

ለሐረሩ ጅብ ማብላት ብላችሁ ድሮን ይዛችሁ አትምጡ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከመጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። የካሜራ ፍላሽም አታብሩ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙና ሥጋ የተንጠለጠለባትን እንጨት ራሳችሁ ያዙ። ጅቡ ሲነጥቃት ንዝረቱ እስከ ክርናችሁ ይደርሳል።