ከድፍድፍ ነዳጅ ውሃና ጨው በአልትራሳውንድ መለየት፦ የላብራቶሪ ሙከራ

ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያለው ጨው በአብዛኛው የሚገኘው በዘይቱ ውስጥ በተበተኑ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ነው። አልትራሳውንድ (ጆሮ የማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ) ራሱ ጨው አያወጣም፤ ጠብታዎቹን አገናኝቶ ያተልቃል፣ ውሃው ሲዘቅጥ ጨዉን ይዞት ይወርዳል። ካልወጣ፣ ነዳጁ ለማጣራት ሲሞቅ ማግኒዚየምና ካልሲየም ክሎራይድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጥራሉ፤ ብረቱን የሚበላው እሱ ነው።

100 ሚሊ ሊትር ናሙና ክዳኑን ላላ አድርገው በሙቅ ውሃ ውስጥ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁ። በነበልባል አይሞከርም። ትነቱ ተቀጣጣይ ነው፣ መርዛማው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝም ሊኖርበት ስለሚችል ሥራው ትነት በሚስብ ካቢኔ ውስጥ ይሁን። በነዳጁ የታመቀው ጋዝ በማሞቁ ይወጣል፤ አረፋ ውስጡ ከቀረ ድምፁን ይበትናል።

ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃና 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) የኢመልሽን፣ ማለትም የዘይትና የውሃ ድብልቅ፣ መስበሪያ ኬሚካል ይጨምሩ። ይህን ያህል ጥቂት መለካት ስለሚያስቸግር ኬሚካሉን በቶሉዊን (በሚያሟሟ ፈሳሽ) ወደ 1 በመቶ አቅጥነው 0.5 ሚሊ ሊትር ይውሰዱ። ክዳኑን ገጥመው በእጅ በደንብ ይናጡት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያስተንፍሱት። ሁለተኛ ጠርሙስም እንዲሁ ያዘጋጁና ያለ አልትራሳውንድ ያቆዩት፤ ይህ ማወዳደሪያ ጠርሙስ ከሌለ ውጤቱ የድምፁ ይሁን የሙቀቱ አይለይም።

ቀጥሎ የመጀመሪያው ጠርሙስ በአልትራሳውንድ ይመታል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድምፁ ኃይል ላይ ነው። ዘይቱ ውስጥ የሚነከር ዘንግ ሳይሆን ከዕቃው ግድግዳ ውጭ የተለጠፈ አመንጪ ይሻላል፤ ዘንጉ ጫፉ ላይ በጣም ይበረታል። በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.3 ዋት በታች ይጀምሩ። የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ተመልሶ ባለበት ሲዋዥቅ (ቋሚ ሞገድ ሲሆን) ጠብታዎቹ ግፊቱ በማይዋዥቅባቸው ቦታዎች ይሰበሰባሉ። የእነዚህ ቦታዎች ርቀት በ20 ኪሎኸርዝ 3 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ40 ኪሎኸርዝ 1.5 ነው፤ ለጠባብ ጠርሙስ ሁለተኛው ይመረጣል። 2፣ 5 እና 10 ደቂቃ እየሞከሩ ያወዳድሩ። የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ አረፋ እየፈነዳ ነው፤ ጠብታዎቹን መልሶ ያደቃቸዋል። በዘይቱና በውሃው መካከል ያለው ቡናማ ንብርብር ከወፈረም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ኃይሉን ይቀንሱ እንጂ ጊዜውን አያርዝሙ።

በዚያው ሙቀት አንድ ሰዓት አስቀምጠው ከላይኛው ዘይት ይቅዱ። ውሃውን በካርል ፊሸር (ጥቂት ውሃን በኬሚካል በሚለካ ዘዴ)፣ ጨዉን በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ይለኩ። በሊትር 100 ሚሊ ግራም ጨውና 0.5 በመቶ ውሃ የነበረው ዘይት ሳይታጠብ ውሃው ወደ 0.2 ቢወርድ ጨዉ 40 ይቀራል፤ በ5 በመቶ ውሃ ታጥቦ እዚያው ቢደርስ ግን 3.6 ብቻ። ውሃው ቀንሶ ጨዉ ካልቀነሰ ችግሩ አልትራሳውንዱ ጋ አይደለም፤ የታከለው ውሃ ከጨዋማው ጠብታ ጋር አልተቀላቀለም፣ ወይም ጨዉ ደርቆ ቅንጣት ሆኗል። መናጡን ያጠንክሩ።