ከውጭ አገር ሆነው የግቢ ጡብ ሲያስነጥፉ፦ ከመሸፈኑ በፊት መታየት ያለበት መሠረት

በውጭ አገር እየኖሩ በአገር ቤት ግቢያቸውን ጡብ የሚያስነጥፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ለጡቡ ቀለምና ለአደራደሩ ነው፤ ንጣፉ ከዓመታት በኋላም ደልዳላ ሆኖ መቆየቱን የሚወስነው ግን ከጡቡ ሥር የሚቀበረው ሥራ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ንጣፍ ሳሠራ ሥራው ሲያልቅ የተላከልኝ ፎቶግራፍ እጅግ ያማረ ነበር። አንድ ክረምት እንዳለፈ ግን በግድግዳው ጥግ ያለው ጡብ ሰመጠ፣ የዝናቡም ውሃ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ፤ ተነሥቶ ሲታይ ከሥሩ የተገኘው ያልተጠቀጠቀ ሙሌት አፈርና በላዩ የተበተነ አሸዋ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍያዬንም ክትትሌንም የማያይዘው ከሚቀበረው ሥራ ጋር ነው።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ንብርብር ውፍረት በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ሰው ብቻ ለሚመላለስበት ግቢ ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጠጠር መሠረት፣ በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ፣ ከዚያም ጡቡ ራሱ ይመጣል፤ ጡቡ 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነና መሠረቱ 15 ከተባለ ቁፋሮው ከታሰበው የንጣፍ ወለል 24 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መኪና የሚቆምበት ከሆነ መሠረቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ብስባሹ ከጊዜ በኋላ እየተመናመነ ባዶ ቦታ ይተዋልና። ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ መሠረቱን ማወፈርና በአፈሩና በጠጠሩ መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ጨርቅ ማንጠፍ ይገባል፤ ጨርቁ ከሌለ ጠጠሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ጭቃው ይሰምጣል።

ተዳፋቱ ከቁፋሮው ይጀምር። ለአንድ ሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ እየራቀ ዝቅ ማለት ይኖርበታል፤ ስለዚህ 5 ሜትር ስፋት ባለው ግቢ የሩቁ ጫፍ ከግድግዳው ጥግ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ቁፋሮው ልሙጥ ሆኖ ተዳፋቱ በአሸዋው ብቻ ከተፈጠረ፣ አሸዋው በወፈረበት በኩል ንጣፉ መስመጡ አይቀርም። በዚያ ሥር የሚያልፍ የውሃ ቱቦ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ካለ አሁኑኑ ይቀበር።

ለመሠረቱ የሚያስፈልገው ከዱቄት አንሥቶ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ድረስ የተቀላቀለ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ደቃቁ በትልልቁ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላ፣ ስል ጠርዝ ያለውም እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ይጠነክራል። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር እንዲህ አይያያዝም። ጠጠሩ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ ከላይ ቢጠቀጠቅ የታችኛው ክፍል ልል ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተዘረጋና በመጠኑ ውሃ እየተረጨ በመጠቅጠቂያ ማሽን ደጋግሞ መመታት አለበት። መጠኑን ከሩቅ ለመቆጣጠር ስሌት ይረዳዎታል፦ 40 ካሬ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ደግሞ 7.5 ሜትር ኩብ ያህል ልል ጠጠር ወደ ግቢው መግባት አለበት። የገባው 5 ብቻ ከሆነ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ቦታው ላይ ሳይገኙ ማወቅ ይችላሉ።

በቦታው የሚወክልዎ ሰው ዘመድም ቢሆን የግንባታ ዐዋቂ እንዲሆን አይጠብቁ፤ ከሠሪው ክፍያ የማይቀበል መሆኑ ግን ግድ ነው። ሜትርና የተጻፉ ልኮችን ይስጡት፤ ካስማዎቹ ላይ ከተወጠረው ሲባጎ እስከ ጉድጓዱ ወለል ያለውን ልክ በአራቱም ጥግና በመካከሉ እየለካ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ያሳይዎ። ሥራው ቁፋሮው ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ንብርብር ሲጠቀጠቅ፣ መሠረቱ ሲጠናቀቅና አሸዋው ሲስተካከል እንዲቆም፣ እርስዎ አይተው ሳይፈቅዱም እንዳይሸፈን በውሉ ይግባ። መሠረቱ ሲያልቅ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም በላዩ ተጋድሞ ከሥሩ ያለው ክፍተት ይለካ፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጎድጓዳ በአሸዋ ሳይሆን በዚያው ጠጠር ተሞልቶ እንደገና ይጠቅጠቅ። ጭነት የያዘ የእጅ ጋሪ ሲገፋበት የጎማው ፋና ጎድጉዶ ከታየም ጥቅጠቃው አልበቃም።

አሸዋው ሻካራና ከጭቃ የጸዳ ይሁን፤ ጡቡ ከመደርደሩ በፊት አይጠቀጠቅም፣ በሁለት ቧንቧዎች ላይ በቀጥ ያለ ጣውላ ተጎትቶ ይስተካከላል እንጂ። መሠረቱ ከንጣፉ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ፤ በዚያ ላይ በኮንክሪት የተያዘ ከርብስቶን (ንጣፉን ከዳር የሚይዝ ድንጋይ) ካልቆመ የዳር ጡቦች ወደ ውጭ እየተገፉ መገጣጠሚያዎቹ ይከፈታሉ።

ከክፍያው የተወሰነውን ክፍል የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ እንዲያቆዩ በውሉ ይስማሙ። ዝናቡ እንዳባራ ወኪልዎ የግድግዳውን ጥግ ተከትሎ፣ ከዚያም በከርብስቶኑ ዳር እየተራመደ ቪዲዮ ይቅረጽ፤ ውሃ ያቆረ ስፍራ ከታየ ጡቡ ተነሥቶ መሠረቱ ይስተካከል፣ ቀሪው ገንዘብም ከዚያ በኋላ ይከፈል።