ሞተር የተቀየረለት ላንድክሩዘር፦ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው ወይስ የካምቢዮው?

ጓደኛዬ አንድ የድሮ ላንድክሩዘር ኤፍጄ45 አለችው። ስትገዛ የቤንዚን ሞተር ነበራት። የቤንዚኑ ወጪ ሲያማርረው ያገለገለ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ፈልጎ አስገባላት። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ግን የድሮው ባለ ሦስት ማርሽ ሆኖ፣ ከአዲሱ ሞተር ጋር በማገናኛ ሰሌዳ ተያይዞ ቀረ። በመጀመሪያው ወር ወደ እንጦጦ ስንወጣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘውና የሚለያየው ክፍል) ሸተተን። ሸራው (በፍሪሲዮኑ ውስጥ እየያዘ ጉልበት የሚያስተላልፈው ክብ ሳህን) ተቀየረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽታው ተመለሰ። ጋራዡ "ሞተሩ ከብዶታል፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን ነው የሚያስፈልገው" አለ። ጠንካራው ተገዛ። ፔዳሉ ከብዶ ግራ እግሩን በትራፊክ መብራት ላይ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሽታው ግን እዚያው ነው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ሞተር የተቀየረለት መኪና ላይ የሚታየው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮን ድክመት አይደለም። ወይ የማርሹ ምጣኔ አልተስማማም፣ ወይ ሞተሩና ካምቢዮው መሃል ለመሃል አልገጠሙም፣ ወይ ፔዳሉ የሚገፋው ርቀት አልበቃም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡት።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይከተልም

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ በእውነት እየተንሸራተተ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩ ሲሞቅ ሜዳ መንገድ ላይ ውጡ። በትልቁ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። የሞተሩ ዙር ብቻውን ከፍ ካለ ፍሪሲዮኑ ተንሸራቷል። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ ብለው ካደጉ ፍሪሲዮናችሁ ጤነኛ ነው፤ የሚቀጥለውን ክፍል አንብቡ።

ከተንሸራተተ ግን ወዲያው "ጠንካራ ይገዛ" አትበሉ። ሒሳቡን እንሥራ። ፍሪሲዮን የሚችለው ጉልበት የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሸራው የመያዝ አቅም፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ሸራውን የሚጨምቀው ሳህን) የሚጫንበት ኃይል፣ የሸራው አማካይ ራዲየስ፣ እና ሁለት፤ ሸራው በሁለቱም ፊቱ ስለሚይዝ። 275 ሚሊሜትር ሸራ እንውሰድ። አማካይ ራዲየሱ 0.114 ሜትር ያህል ይሆናል። የመያዝ አቅሙ 0.3፣ የመጫኛው ኃይል 8,000 ኒውተን ቢሆን ውጤቱ ወደ 550 ኒውተን ሜትር ይመጣል። 1ኤችዜድ የሚያወጣው 285 ነው። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው! የድሮው የቤንዚን ሞተርም ከ285 ብዙ የሚያንስ አልነበረም። "ናፍጣ ስለሆነ ከበደው" የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዲያ ለምን ይንሸራተታል? ሸራው ላይ ዘይት ይድረስበትና የመያዝ አቅሙ ወደ 0.1 ይውረድ። ያው 550 ወደ 180 ይወርዳል፤ ሞተሩ ያሸንፈዋል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የኋላውን ኦይል ሲል ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቀይሩት። ከገባ በኋላ ካምቢዮ ማውረድ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ጎማ ዋጋ የሁለት ቀን ሥራ ትሆናለች። የካምቢዮውን የፊት ኦይል ሲልም አብራችሁ ቀይሩ።

ዘይት ከሌለ ፔዳሉን እዩ። ከላይ ትንሽ ባዶ ጉዞ ከሌለው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ሁልጊዜ ፕሬዠር ፕሌቱን እየገፋ ነው ማለት ነው፤ እግራችሁን ሳታሳርፉበትም ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተረግጦ ይውላል። ሌላው የሚረሳ ነገር ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ነው። አንዳንድ ቮላኖ ሸራው የሚያርፍበትና ፕሬዠር ፕሌቱ የሚታሰርበት ፊት እኩል አይደለም፤ በመካከላቸው ደረጃ አለ። ቶርኖ ቤት ሸራው የሚያርፍበትን ብቻ ላጭቶ ከሰጣችሁ ያ ደረጃ ተለወጠ፤ የመጫኛውም ኃይል ቀነሰ። ሁለቱም ፊት በእኩል መጠን መላጨት አለበት።

የሚሸተው ስትነሱ ብቻ ከሆነ

የጓደኛዬ በሽታ ይሄ ነበር። መንገድ ላይ ከወጣች በኋላ ምንም አትልም። ዳገት ላይ ቆማ ስትነሳ ግን ትሸታለች።

የዚያች መኪና ካምቢዮ አንደኛ ማርሹ 2.76 ገደማ ነው፤ ሞተሩ 2.76 ጊዜ ሲዞር የካምቢዮው መውጫ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ዲፍረንሻሏ 4.11፣ ጎማዋ 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በደቂቃ 700 ዙር ሲዞር በአንደኛ ማርሽ የምትሄደው በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዜሮ እስከ 9 ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሞላው ማነው? ፍሪሲዮኑ፣ እየተንሸራተተ። አሁን አንደኛ ማርሹ 4.84 የሆነ ካምቢዮ አስገቡ። በዚያው 700 ዙር ፍጥነቱ 5.3 ይሆናል፤ የሰው እርምጃ ማለት ነው። ሲነሱ የሚፈጠረው ሙቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በድሮው ካምቢዮ ሸራው የሚውጠው ሙቀት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ያውም ሜዳ ላይ። ዳገት ላይ ልዩነቱ ይብሳል።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። 1ኤችዜድ ቱርቦ የለውም። አየር ሲያንሰው ጉልበቱም ያንሳል፤ ሹፌሩ ሳያውቀው ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑንም ቀስ ብሎ ይለቃል። ሸራው መሃል ላይ ይጠበሳል።

ስለዚህ እዚህ ጋ ጠንካራ ፍሪሲዮን መግዛት ጥቅም የለውም። የበለጠ ቢጫንም ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩ አይለወጥም። መድኃኒቱ ካምቢዮው ነው። ለዚህ ሞተር እኔ የምመርጠው ኤች55ኤፍ የሚባለውን የቶዮታ ባለ አምስት ማርሽ ነው። አንደኛው 4.84፣ አምስተኛው 0.845 ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው ኤችዜድጄ75 ላንድክሩዘር ይህንኑ ሞተር ከዚሁ ካምቢዮ ጋር ይዞ ስለወጣ ደወል የሚመስለው ማገናኛ ቤት፣ ቮላኖውና ፍሪሲዮኑ ተስማምተው ይገኛሉ። ቶርኖ ቤት ማገናኛ ሰሌዳ ሳታሠሩ የምትጨርሱበት መንገድም ይሄ ነው። አምስተኛው ማርሽ ደግሞ ለጆሮ ነው። በሰዓት 100 ስትነዱ በቀጥታ ማርሽ ሞተሩ ወደ 2,730 ዙር ይዞራል፤ በ0.845 ግን ወደ 2,300 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ የተመለሰ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ትራንስፈሩን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ሳጥን) አብራችሁ ግዙ። የትራንስፈሩ ዝቅተኛ ማርሽ 2 ለ1 ቢሆን እንኳ 4.84 ሲባዛ 2 ሲባዛ 4.11 ወደ 40 ይመጣል። የጓደኛዬ የድሮው በዚያው ስሌት 23 አይሞላም። የዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በኩል ስትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ያኔ ሞተሩ እንዲይዛችሁ ትንሽ ማርሽ ትፈልጋላችሁ። ፍሬን ብቻውን አይበቃም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። የፊት ዲፍረንሻላችሁ በቀኝ ነው በግራ? የትራንስፈሩ የፊት መውጫም በዚያው በኩል መሆን አለበት። ሌላው ርዝመቱ ነው። አዲሱ ካምቢዮ ከረዘመ የኋላው የካርዳን ዘንግ ማጠር፣ የፊቱ መርዘም አለበት። ይህን ወጪ ብዙ ሰው ከሒሳቡ ውስጥ አያስገባውም።

ማርሽ አልገባ ሲል፣ በተለይ የኋላው

ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን እስከ ታች ርገጡና አሥር ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለም ማርሹ እንቢ ካለ ጥፋቱ ከፍሪሲዮኑ አይደለም፤ ከማርሽ ዘንጉ ወይም ከካምቢዮው ውስጥ ነው።

የማይለቅበት ምክንያት የሞተር ቅያሪ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮን ፖምፓዎቹ (የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፉት) አለመመጣጠን ነው። ላይኛው ፖምፓ ከአንዱ መኪና፣ ታችኛው ከሌላው ይመጣል። የላይኛው የውስጥ ስፋት 15.9 ሚሊሜትር፣ የታችኛው 19 ቢሆን ላይ 30 ሚሊሜትር ሲገፋ ታች 21 ይሄዳል። ታችኛውን 25.4 ብታደርጉት ያው 30 ከ12 በታች ይሆናል። ፔዳሉ ቅቤ ይሆናል፣ ማርሹ ግን አይገባም። ስለዚህ አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥ፤ እናንተ ከታች ሆናችሁ ዘንጉ የሄደውን በማስመሪያ ለኩ። ከካምቢዮው መጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ካነሰ መጀመሪያ አየሩን አስወጡ፤ ካልተለወጠ ፖምፓ ቀይሩ።

ሸራው ተገልብጦ ገብቶ ከሆነስ? ይሆናል፤ አይቻለሁ። የመሃሉ ሞላዎች ከቮላኖው ቡሎኖች ጋር ይጋጫሉ። ሸራው ላይ የትኛው ወገን ወደ ቮላኖ እንደሚዞር ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው?

ድምፅ ላይ ሰው ቶሎ ይገምታል። ጊዜውን ብቻ ያዙ። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ፣ እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ተነሥቶ ሳለ ድምፅ ካለ እና ስትረግጡ ከጠፋ፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው። ገና ስትረግጡ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ሲያፏጭ ደግሞ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባት፣ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ናት። ይቺን ትንሽ ኩሽኔታ አትናቋት። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ማገናኛ ሰሌዳ ስታስገቡ ካምቢዮው በሰሌዳው ውፍረት ልክ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰሌዳው 20 ሚሊሜትር ከሆነ የዘንጉ ጫፍም 20 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። አንዳንዴ ጭራሽ ኩሽኔታዋ ጋ አይደርስም። ዘንጉ አንድ ወገኑ ሳይያዝ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላል። መፍትሄው በቶርኖ የተሠራ ረዘም ያለ ማረፊያ ነው።

ኩሽኔታ የሚበላ ካምቢዮ፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ሸራ

በጓደኛዬ መኪና ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ያገኙት አንድ ሽማግሌ ቶርኖ ሠራተኛ ናቸው። ካምቢዮው ሲወርድ ሸራውን በእጃቸው አገላብጠው አዩት። ዳሩ አልተበላም፤ መሃሉ ላይ ግን ሞላ የያዘው ቆርቆሮ ተሰንጥቋል።

"ይሄ ተቃጥሎ አይደለም" አሉን። "ይሄ ተጣሞ ሲሠራ ኖሮ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ሰሌዳችሁ መሃሉን ስቷል።"

ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) ክራንክሻፍቱ ላይ አስረው የማገናኛውን ቤት ቀዳዳ ዙሪያውን አስለኩ። መርፌው በአንድ ሙሉ ዙር ከ0.6 ሚሊሜትር በላይ ተወዛወዘ። ለዚህ ሥራ በአንድ ዙር ከ0.25 በላይ ሲሆን ችግር ይጀምራል። ካምቢዮውን መሃል ላይ የሚያስቀምጡት ቡሎኖቹ አይደሉም፤ ሁለቱ ስፒናዎች (ቀዳዳቸውን ሞልተው የሚገቡት ችንካሮች) ናቸው። ሰሌዳውን የሠራው ሰው ስፒናዎቹን ትቶ ቡሎን ብቻ ቀዳድቶ ነበር። ቡሎን ቀዳዳው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይላወሳል። ያቺ ትንሽ ሸራውን በየዙሩ ታጣምመዋለች፣ ማርሹም መንገድ ላይ ሳላችሁ ዘሎ እንዲወጣ ታደርገዋለች።

ከእሳቸው የተማርኩት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ካምቢዮ ሲገጠም የመጨረሻዋ ጣት ስፋት በእጅ ካልገባች አቁሙ። ቡሎን እያጠበቃችሁ አትሳቡት። እንቢ ካለ ወይ ሸራው መሃል አይደለም፣ ወይ የዘንጉ ጫፍ ማረፊያውን ነክቷል። በቡሎን ሲሳብ የሚሰነጠቀው የማገናኛው ቤት ጆሮ ነው።

ስትነሱ መንቀጥቀጥ

ይሄኛው ቀላል ነው። ሞተሩን የያዙት ጎሚኒዎች ለድሮው ሞተር የተሠሩ ከሆኑ ናፍጣው ሲነሳ ይወዛወዛል። ክሮቸራዎቹንም (የካርዳን ዘንጉን መታጠፊያዎች) እዩ፤ ካምቢዮው ቦታ ሲቀይር የካርዳን ዘንጉ ማዕዘን ይለወጣል። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ጠባሳ ካለ ተቃጥሏል፣ ይላጭ። ለናፍጣ ሞተር መሃሉ ላይ ሞላ የሌለው ሸራ በፍጹም አታስገቡ፤ የናፍጣ ምት ሸካራ ነው፣ ያን የሚያለዝበው ሞላው ነው።

ዘይቱንም እንዳትረሱ። ሁሉም ካምቢዮ አንድ ዘይት አይጠጣም። የላንድሮቨሩ ኤልቲ77 ለምሳሌ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚወስደው። ለዲፍረንሻል የተገዛ ወፍራም ዘይት ብትጨምሩበት ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እንቢ ይላችኋል፤ እናንተም ፍሪሲዮኑን ትጠረጥራላችሁ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ኤች55ኤፉን ከነማገናኛው ቤት፣ ከነትራንስፈሩ አስገባ። ሰሌዳው ወጥቶ ተጣለ። ሸራው ተራው የፋብሪካው ነው፣ ፔዳሉም ቀለለ። አሁን እንጦጦ ላይ ቆማ ስትነሳ ነዳጅ አይነካም፤ ፔዳሉን ብቻ ይለቅና በሚኒሞ ትወጣለች።