ፀረ-ተባይ ሲረጩ ራስን ከመርዙ እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

መቂና ባቱ አካባቢ የቲማቲም ማሳ ውስጥ ረጪ ሲሠራ አይታችሁ ይሆናል። አፍንጫው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ነገሩ ተገልብጧል። ሜዳ ላይ መርዙ በብዛት የሚገባው በቆዳ በኩል መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ እጅ ደግሞ ዋናው በር ነው። ብር ካጠራችሁ ከማስክ በፊት ጓንት ግዙ። የላስቲክ ይሁን፤ የጨርቅና የቆዳ ጓንት መርዙን መጥጦ እጃችሁ ላይ ያቆየዋል።

ሃይላንድ ውስጥ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። ዕቃው ላይ የተለጠፈው መለያ ግርጌ ያለውን ቀለም እዩ። ቀይ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ቢጫ ይከተለዋል፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ። እኔ ቀዩን በጀርባ ፓምፕ አትርጩ ባይ ነኝ።

ፓምፑን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ሞክሩት። ክዳኑ ወይም የቱቦው መጋጠሚያ ካንጠባጠበ ጠግኑ። አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ጀርባችሁ መርዝ ይጠጣል።

ትልቁ ጉዳይ መበጥበጡ ነው። ሲረጭ መድኃኒቱ በውሃ ቀጥኗል፤ ሲበጠበጥ ግን ያልቀጠነውን ነው የምትነኩት። ስለዚህ ጓንትና መነጽር የሚደረገው እዚህ ነው፤ ማሳው ላይ ስትደርሱ አይደለም። ፓምፑን መሬት ላይ አስቀምጡ፤ ጉልበት ላይ ይዞ መሙላት ይቅር። ግማሹን ውሃ ሙሉ፣ መድኃኒቱን በመለኪያ ጨምሩ፣ በቀረው ውሃ ሙሉት። በጠርሙስ ክዳን መለካት ልማድ ሆኗል፤ ጣት ላይ መፍሰሱ ግን አይቀርም። በእንጨት አማስሉ እንጂ በእጅ አይሆንም። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና እጣቢውን እዚያው ፓምፑ ውስጥ ጨምሩ። ከዚያ ብሱት፤ ካልተበሳ ነገ ዘይት ይቀዳበታል።

ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥታችሁ እርጩ። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይዋል። ኖዝሉ (መርጫው ጫፍ ላይ ያለው ቀዳዳ) ከተደፈነ በአፍ አትንፉት፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ስትጨርሱ ጓንቱን ሳታወልቁ በሳሙና እጠቡት። ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

ወተቱስ? ከርጭት በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን አያረክስም። እንደ ማላታይን ያለ መድኃኒት ሲመርዝ ላብና ምራቅ ይበዛል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ያስመልሳል። የዚህ ማርከሻ አትሮፒን ነው፤ የሚሰጠውም ጤና ተቋም ነው። የተመረዘው ሰው የለበሰውን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙና እጠቡት፣ ቶሎ ውሰዱት። መለያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመድኃኒቱን ስም ነው።