ጥለት ከጥለት ሲለይ፦ ፈታኞች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

በደብረ ማርቆስ ስለ ዕይታ ሳስተምር፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከሚያዘጋጇቸው ሙከራዎች መካከል ጥለት የመለየትን፣ ማለትም አንድን የተደጋገሙ ቅርጾች ድርድር ከአጠገቡ ካለው ሌላ ድርድር የመለየትን ያህል በአንድ ዓይነት ስህተት ደጋግሞ የሚበላሽ አላየሁም።

ስህተቱ ጊዜ አለመወሰን ነው። ተፈታኙ ሁለት ጥለት ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ እስኪበቃው ያያል፤ ልዩነቱን ያገኛል፤ ተማሪውም «ዐይን ይለያል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ለቀማ እንጂ መለየት አይደለም! ጤፍና ዳጉሳ የሚዋሰኑበትን መስመር ገበሬ ገና ቀና ሲል ያየዋል፤ በጤፉ መካከል የበቀለውን ሙጃ ግን ጎንበስ ብሎ ካልፈለገው አያገኘውም። የዕይታ ተመራማሪው ቤላ ዩሌስ እ.ኤ.አ. በ1962 በኮምፒውተር የተሠሩ የነጠብጣብ ጥለቶችን ይዞ የጠየቀው የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ያለ ፍለጋ የሚመጣውን መለየት ነበር። ስለዚህ ምስሉ ከ200 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ታይቶ ይጥፋ፤ ዐይን ወደ ሌላ ቦታ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ወደዚያ ይጠጋልና። ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም ወረቀቱ ይመጣል።

ሁለተኛውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። በጀማሪነቴ ያዘጋጀሁትን ካርድ ሁሉም ሰው ሲለየው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሸማኔው አጎቴ ግን ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ አየና «ይኼኛው ጠቆር ብሏል እንጂ ልጄ፣ ሌላ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። በስተቀኝ ያሉትን መስመሮች አወፍሬ ስለሳልኳቸው ሰዎቹ የለዩት ጥለቱን ሳይሆን የቀለሙን ብዛት ነበር። ዛሬም ካርድ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ ዐይኔን ጨፈን አደርጋለሁ።

የማይመሳሰሉ ቅርጾች ሁሉ በአንድ እይታ ይለያያሉ ብሎ መገመትም አሳሳች ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጃኮብ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሳየው፣ ቀጥ ብለው ከቆሙ የላቲን ቲ (T) ፊደላት አጠገብ ያጋደሉ ቲዎች ሲደረደሩ ወሰናቸው ወዲያው ይታያል፤ ኤሎች (L) ሲደረደሩ ግን ወሰኑ ይደበዝዛል። የሚገርመው፣ ሰዎች ነጠላ ፊደሎቹን እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ ቲን ይበልጥ የሚመስለው ያጋደለው ቲ ነው ማለታቸው ነው። ኤልም ቲም ከአንድ ቋሚና ከአንድ አግድም መስመር የተሠሩ ናቸው፤ ዐይን ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው የመስመርን አቅጣጫ ነው።

ርቀትን መለካት የሚረሳ አይመስለኝም ነበር። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ከዐይን በ57 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ዲግሪ ያህል የዕይታ ማዕዘን ይሸፍናል፤ ተፈታኙ ወንበሩን በስንዝር ሳብ ሲያደርግ ያ ልክ ይዛባል። የወንበሩን እግር ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፤ መነጽር ያለውም መነጽሩን ያድርግ።