የመጻሕፍት መደርደሪያ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው የቀለሙን ነገር ነው። አናጺው ግን ከቀለሙ በፊት ምን እንደሚደረደርበት መጠየቅ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መሐሉ ላይ ቋሚ የሌለው ረጅም መደርደሪያ ነው። አንድ ሜትር ሙሉ የተደረደረ መጽሐፍ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሆኖ ዳር እስከ ዳር ሲሞላ ደግሞ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ያድጋል። ደረሶች የሚያስተምሩ አንድ ሼህ ቤት ለጥገና ተጠርቼ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ባለ ብዙ ቅጽ ኪታብ ተጭኖበት መሐሉ ከመጉበጡ የተነሣ የታችኛውን ረድፍ ኪታቦች አናት ተጭኖ ይዟቸው ነበር፤ አንዱን ለመሳብ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ሠሪው የሰጣቸው ምክር ግን ገልብጠው እንዲጠቀሙበት ነበር! ቺፑድ ሸክም ሲቆይበት ቀስ በቀስ መጉበጡን አይተውም፤ ቢገለበጥም ያው ነው። ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የተጨመቀ ጣውላ) ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ቋሚ አይዘርጋ። ከዚያ የግድ የሚረዝም ከሆነ፣ ከፊት ጠርዙ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የዋንዛ ዘንግ በኮላና በብሎን ይታሰርለት።

ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ይህን የማያውቅ አናጺ የለም፣ ሆኖም ደንበኛ ሲያጣድፈው የሚረሳው ብዙ ነው። ጭጋግ በማይለያት ደሴ በክረምት የተሠራ ዕቃ፣ ዝቅ ብላ ወደምትገኘው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይበልጥ ደርቆ መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ እንጨቱ የሚቀመጥበት ቤት ገብቶ ጥቂት ሳምንት ቢሰነብት መልካም ነው።

ቁመቱ ረጅም የሆነ መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር መተው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት፣ አደጋን መጥራት ነው፤ ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል። የጭቃ ግድግዳ ፊሸር (ብሎን እንዲይዝ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ) ስለማይዝ፣ ከልስኑ በስተጀርባ ያለው የእንጨት ቋሚ እየተንኳኳ ተፈልጎ ብሎኑ እሱ ላይ ይጠበቅ። የጀርባውን ኮምፔንሳቶ (ስስ ንብብር ጣውላ) ለቁጠባ ሲሉ የሚተዉ አሉ፤ ያለ እሱ ሣጥኑ ወደ ጎን ይወዛወዛል።

ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ የሚጠጣ የቺፑድ ጠርዝ ማበጡ ስለማይቀር፣ ከታች በጣውላ እግር ከፍ ይደረግ።