የውሃ ቀለም የትዝታ ደብተር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የትዝታ ደብተር በውሃ ቀለም መያዝ ጀምረው ያቆሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያቆሙት መሣል አቅቷቸው ሳይሆን ገጹ ስለተሸበሸበባቸው፣ ቀለሙ ስለጨቀየባቸው ወይም ከዓመት በኋላ ገልጠው ሲያዩት የሣሉት ነገር ምንም ስላላስታወሳቸው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ በበጋ ደረቅ በክረምት ደግሞ እርጥብ የሆነች ከተማ ስለሆነች፣ ያው ደብተር ጥር ላይና ሐምሌ ላይ የሚያስቸግርበት መንገድ የተለያየ ነው።

ገጹ ይሸበሸባል፤ ቀለሙም በጎድጓዳው ይጠራቀማል

ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ተራው የቢሮ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅም እኩል ሳይሆን ቦታ ቦታውን እየጎተተ ይኮማተራል። ለውሃ ቀለም የሚሠራው 300 ግራም ወረቀት ይህን በእጅጉ ይቋቋማል። ወፍራም ወረቀት ካላገኙ ውሃውን ቀንሰው ትንሽ ቦታ ብቻ ይቀቡ፤ ገጹንም በአንድ ፊቱ ብቻ ይጠቀሙ። አስቀድሞ የተሸበሸበ ገጽ ካለዎት፣ ጀርባው ያልተቀባና ያልተጻፈበት እስከሆነ ድረስ፣ ጀርባውን በንጹሕ ጨርቅ በስሱ አርጥበው በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ያድርጉትና ከባድ መጻሕፍት ጭነውበት ያሳድሩት።

ቀለማቱ እርስ በርስ ይገባሉ

ከጥምቀት የሣልሁት አንድ ገጽ አለኝ፤ ከፋሲል መዋኛ ታቦቱ ሲወጣ የካህናቱን ጥላዎች ቀዩን ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴውን ከወርቃማው አጠገብ በችኮላ አስቀመጥሁና ሁሉም አንድ ቡናማ እድፍ ሆኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እርጥብ ቀለም እርጥብ ጎረቤቱን ይከተላል። በሁለቱ ቀለማት መካከል የፀጉር ያህል ደረቅ ነጭ መስመር መተው ይበቃል። አለዚያም የመጀመሪያው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ በጥር ፀሐይ ይህ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን በክረምት ግን ሌላ ገጽ ጀምሮ መመለስ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ ለስላሳ በሆነው ሰማይ መካከል ጠርዙ የተተለተለ እድፍ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ሲያርፍ ነው። ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይመልከቱት፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሊጨምሩበት ይችላሉ፣ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ።

የግንቡ ድንጋይ ጭቃ ይመስላል

የፋሲል ግንብ ከሩቅ ቡናማ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን በውስጡ ግራጫ፣ ሰማያዊና የዝገት ቀለም አለው። ይህን ለማግኘት ሰው አምስት ስድስት ቀለም ያቀላቅላል፣ ጥቁርም ይጨምርበታል፤ ውጤቱም ሕይወት የሌለው ጭቃ ይሆናል። በርንት ሲየና የሚባለው ቀይ ቡናማና አልትራማሪን የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ፦ ለፀሐዩ ፊት የመጀመሪያውን፣ ለጥላው ሁለተኛውን አብዝቶ መጠቀም ነው። ብሩሽ ማጠቢያውን ውሃ ከንጹሑ ውሃ መለየትም አይዘንጉ።

ከወራት በኋላ ቀዩ ይለቃል

አንዳንድ ርካሽ ቀዮች፣ ሮዛዎችና ወይን ጠጆች ብርሃን አይችሉም። የያዙትን ቀለም ሁሉ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተው ግማሹን በካርቶን ይሸፍኑና መስኮት ላይ ለሦስት ወር ይተዉት፤ የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ልዩነት ካሳየ ያን ቀለም ለትዝታ አይጠቀሙበት። ከአፈር የሚገኙት ቢጫና ቀይ ቡናማዎች እጅግ አስተማማኝ ናቸው።

በክረምት ገጾቹ ይጣበቃሉ፣ ይሻግታሉ

የውሃ ቀለም ዱቄቱን የሚያያይዘው ከግራር የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከአየር እርጥበት ሲስብ በወፍራሙ የተቀባ ገጽ ከፊት ለፊቱ ጋር ይጣበቃል። ገጹን ሙሉ ቀን ሳያደርቁ አይዝጉት፣ በየመካከሉም ስስ ወረቀት ያስገቡ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ እርጥበቱን ስለሚያፍነው ይጎዳዋል፤ ከድንጋይ ግድግዳም ያርቁት። የሻገተ ከሆነ በጥላ አድርቀው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።

ጽሑፉ በቀለሙ ሥር ከፈሰሰ እስክሪብቶው ውሃ አይችልም ማለት ነው፤ በእርሳስ ይጻፉ።

ሥዕሉ ያምራል፣ ትዝታው ግን የለም

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በወረቀትና በቀለም አይጠገንም። አያቴ ከማረፋቸው በፊት ቤታቸውን ከነግቢው፣ ከነዛፉ፣ በጥንቃቄ ሥዬው ነበር። ዛሬ ስገልጠው የማንም ሰው ቤት ሊሆን ይችላል። አያቴን የሚያስታውሰኝ አፉ የተሸረፈው ጀበናቸው ነበር፤ እሱን ግን ትንሽ ነገር ነው ብዬ አልሣልሁትም።

ስለዚህ ሰፊውን እይታ ትተው ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚነካውን አንድ ዕቃ ይምረጡ። ጊዜውን ቡናው ራሱ ይለካልዎታል፦ በአቦል በእርሳስ ይንደፉ፣ በቶና ቀለሙን ይቀቡ፣ በበረካ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱና በዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም ይጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅም ጀበናውን ማን እንደሸረፈው፣ መቼና እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱንም ሳያሳምሩ፣ በተናጋሪዋ በራሷ ቃል ከሥዕሉ ሥር ያስፍሩት።